«ልጅቷን ይዘህልኝ ና» ላልሽኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የግራውን ማለቴ ነው፤ ቀኙ እንደ አንቺው ግትር ስለሆነ ሕመም አይደፍረውም። ዓይንሽስ? ጠብታውን በየቀኑ ትጨምሪያለሽ ወይስ አሁንም ብልቃጡን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሽ በማየት ብቻ ልትድኚ ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ማንኮራፋቱ ለጎረቤት መሰማቱን ካላቆመ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ሌላ በሽታ በቀር። ያንን በሽታ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

በስልክ ሳልነግርሽ የቀረሁት ወድጄ አይደለም። የልጅሽ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ከወዲህ ያስነጠሰውን ከወዲያ «ይማርህ» ይሉታል። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ልጅሽ ወጥ ቤት ሆና፣ ዳኛዋ እግሬ ሥር ሆና ያዳምጡኛል። ዳኛዋ የምልሽ የልጅ ልጅሽን ነው። በሁሉም ነገር ላይ ፍርድ መስጠት ስለጀመረች ያወጣሁላት ስም ነው። ትናንት ካልሲዬ ላይ ፈርዳለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከተላክሁበት ልጀምር። አውቶቡስ ልሳፈር ስል እጄን ይዘሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ይቺ ልጅ ሥራ አገኘሁ ብላ፣ ሕፃን ይዛ፣ ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ ሄደች። ባል የላት፣ ዘመድ የላት። ሄደህ በዓይንህ እይልኝ። ካልቻለች አታባብላት፤ ልጅቷን ይዘህልኝ ና፣ እኔ አሳድጋታለሁ» አልሽኝ። ለአጭር ጊዜ ብዬ የመጣሁ ሰው ይኸው ሶፋው የሰውነቴን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ተኛሁበት። የምጽፍልሽ መልሱን ነው። ብቻ አውቅሻለሁና፣ ፍርዱን ለማየት ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘዪ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ወጥ ቤት። መስኮቱ የሚያየው የፊት ለፊቱን ሕንፃና የሰው ልብስ ማስጫ ነው፤ የማዶ ጎረቤቶቻችንን በመልክ አላውቃቸውም፣ በሸሚዛቸው ግን አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ። ስመጣ ካርቶኑ ገና አልተፈታም ነበር፤ ቁም ሣጥኑም በቁርጥራጩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ልጅሽ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ነጭ ጋዋኗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትተኩሳለች፤ በአንድ እጇ ልጇን ታበጥራለች፣ በሌላው ዳቦ ትቀባለች፣ በጥርሷ የፀጉር ማስያዣ ትይዛለች፤ እንደያዘችም እኔን ትቆጣኛለች። ከዚያ ልጅቷን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ፋርማሲስት ሆና ወደተቀጠረችበት ትልቅ መድኃኒት ቤት ትሮጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርት የት እንደሚሸጥ እንኳ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

አሁን ወደ በሽታዬ ልምጣ። ከበታቻችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ሰው ያለ ምክንያት አይጠላም ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ይህን ሰውዬ ገና ደረጃው ላይ «ደህና አደርክ» ሲለኝ ጠላሁት። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው። ጡረታ የወጣው እሱ እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ዳኛዋ ታዲያ ምን ብላ ትጠራዋለች መሰለሽ? «አባባ»። እኔ ከተወለደች ጀምሮ በትከሻዬ ያዞርኳት፣ ጥርስ ስታበቅል ጣቴን ያስነከስኳት ሰው እስከ ዛሬ «አጎቴ» ነኝ፤ እሱ በጥቂት ወር ውስጥ «አባባ»። እኔንስ ለምን እንደዚያ አትዪኝም ብላት፣ አሰብ አደረገችና «አንተ ታሾፋለህ፤ አባባ አያሾፍም» አለችኝ። ተፈረደብኝ፤ ይግባኝ የለውም።

እቤቱ ገብተሽ ብታዪ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች በተርታ ደርድሮ አውቶቡስ ይሠራላታል። ሚስቱ ተሳፋሪ ናት፤ ሹራብ እየሠራች ትሳፈራለች። ዳኛዋ ትነዳለች። እሱ ከኋላ ቆሞ የፌርማታ ስም ይጠራል፤ የእውነተኛውን የከተማውን ፌርማታ፣ አንዱንም ሳይዘል። እኔ ተረት ልጀምርላት ስል «ቆይ አጎቴ፣ ገና ሆስፒታሉ ጋ አልደረስንም» ትለኛለች። እልህ ያዘኝና አንዲት ትንሽ ወንበር ሠራሁላት፤ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሳሙና አለስልሼ። ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ይዛት ወደ ታች ወረደች። የሹፌሯ መቀመጫ ሆነች። የገዛ እጄ ሥራ ሄዶ ለጠላቴ አውቶቡስ አገለገለ እልሻለሁ።

ላሸንፈው ብዬ አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናት እኔ ላምጣት አልኩ። አውቶቡስ ተሳፈርን። ጅብ ወደማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከተማውን ተወልጄ እንዳደግሁበት ሁሉ በመስኮት እያሳየሁ ማብራራት ጀመርኩ። «ያ ባንክ ነው» ስላት «ትምህርት ቤት ነው» ትለኛለች። ቆየት ብላ «አጎቴ፣ ይሄ ወደኛ ቤት የሚሄደው አይደለም» አለች። «አውቃለሁ፣ ላንሸራሽርሽ ብዬ ነው» አልኳት። መንገዱ አለቀና ውረዱ ተባልን። ከዚያ እሷ እጄን ይዛ፣ ትኬት ቆራጩን ጠይቃ፣ ቤት መለሰችኝ። ሰውዬው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ቢስቅብኝ በወደድኩ። «ያቺ መስመር ያላሳሳተችው ሰው የለም፤ እኔንም ጀማሪ ሳለሁ አሳስታኛለች» አለኝ። የሚጠሉት ሰው ደግ ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ ደርሶብሽ ከሆነ ትረጂኛለሽ።

ይህ በሆነ ሰሞን ልጅሽ «አጎቴ፣ ወርክሾፕህ ተዘግቶ ደንበኞችህ ይበተናሉ፤ እኛ ደህና ነን» ማለት ጀመረች። ሆድ ባሰኝ። የኔን የአናጢነት አመል ታውቂያለሽ፤ የምወደው ሰው ቤት ስሠራ አንዲት ብሎን ሳላጠብቅ እተዋለሁ፤ መልሰው እንዲጠሩኝና ቁጭ ብለን እንድንጫወት። ታዲያ ልጅሽ ሥራ በሄደችበት የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ በካቻቢቴ ነካ አደረግሁት። በሩ አዘመመ። «አጎቴ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለች። ያን ቀን ሁለት ሰሃን በላሁ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ መሳቢያ ታመመ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ። ቁም ሣጥኑም አገረሸበት። ቤቱ እንደ ሽማግሌ ተራ በተራ ይታመም ጀመር፤ ሐኪሙም እኔ፣ በሽታውም እኔ።

አንድ ከሰዓት ዳኛዋን ሳልወድ ለሹፌሩ አደራ ብዬ ሳሙና ልገዛ ወርጄ ስመለስ ያ የቁም ሣጥን በር ቀጥ ብሎ ተዘግቷል። ሹፌሩ የገዛ ካቻቢቴዬን ይዞ ቆሟል፤ ዳኛዋ አጠገቡ ሆና «አባባ ሠራው፤ ከአንተ ይበልጣል» አለች። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «በሩ ልጅቷ ላይ እንዳይወድቅ ፈርቼ ነው። አናጢ ብሎን አላልቶ የሚተወው ወይ ዓይኑ ሲደክም ነው፣ ወይ ልቡ ሲከፋ ነው። የአንተ ዓይን ደግሞ ደህና ነው» አለኝ። ሹፌር አይደል፤ የኋላውን ሳይዞር ማየት ለምዷል።

የዚያን ዕለት በቅናት አንጀቴ አረረ። ወረቀት አወጣሁና «እታለም፣ ልጅሽ አልቻለችም። ሕፃኗ በባዳ እጅ እያደገች ነው። ይዣት እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ስጽፍ ደግሞ ታየኝ፤ ዳኛዋ ጭኔ ላይ ተቀምጣ አውቶቡሱ ሲነሳ፣ ያ ሰውዬ ደጅ ቆሞ ሲቀር። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ብቻ እንዲያው በባዶ ሜዳ እንዳልከስሳት ብዬ፣ በማግስቱ ሳልነግራት መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች መሃል ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አንዲት አሮጊት የጠዋቱን ክኒን ከማታው እየቀላቀሉ ተቸግረው መጥተዋል። ልጅሽ አልተቆጣቻቸውም። በአንዱ ብልቃጥ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሣለችላቸውና «እማማ፣ ፀሐይ ሲያዩ ይቺን፣ ጨረቃ ሲያዩ ያቺን ነው» አለቻቸው። ሥዕሏ ዛሬም እንደ ድሮው አያምርም፤ ፀሐይዋ ድንች ትመስላለች። ወዲያው አለቃዋ መጣች፤ መነጽር ያደረገች ረጅም ሴት ናት። «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁለት ቀን የምሽት ፈረቃ አለብሽ። ልጅ እንዳለሽ አውቃለሁ። የማትችይ ከሆነ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻት። «አልችልም» ካለች ኪሴ ውስጥ ያለው ደብዳቤ እውነት ሆነ ማለት ነው። ልጅሽ «እችላለሁ፤ ሰው አለኝ» አለች። ደረቴን ነፋሁ። አለቃዋ «ማን አለሽ?» አለች። «ከታች ያሉት ባልና ሚስት አሉ። እነሱ ባይመቻቸው የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ሰፈራችን ናት፤ ተነጋግረናል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት የእሷን ልጅ እይዝላታለሁ» አለች። እኔ አልተነሳሁም። ለዚህ ሕመም የሚሆን ክኒን አላችሁ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ምንም አልቀረኝም።

ራት ላይ አላስችል አለኝና «እኔ ሰው አይደለሁም?» አልኳት። መጀመሪያ «ኮፍያህን ዝቅ አድርገህ ስትቀመጥ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ አንተ ቤት ያለህ ሰው ነህ፤ አንድ ቀን ትሄዳለህ። አንተን ከቆጠርኩ የምትሄድ ዕለት እወድቃለሁ። ሳልቆጥርህ መኖርን እየተለማመድኩ ነው» አለች። ውሃ ቀዳሁላት። «ብሎኑንም አውቃለሁ» አለች። «ልጅ ሆኜ ወርክሾፕህ ውስጥ ብሎን የማቀብልህ እኔ አልነበርኩም? እንዲህ ያለችውን ብሎን ለማን እንደምትተዋት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እታለም፣ እኔ እኮ አንድ ልጅ መያዝ ትችል እንደሆነ ላጣራ ነበር የመጣሁት። ለካ ሁለት ይዛ ኖሯል።

ያንን ደብዳቤ ቀደድኩት። በበነጋው ወደ ታች ወረድኩና ለሹፌሩ ስለ ዳኛዋ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ትኩሳት ሊመጣባት ሲል አስቀድማ ዝም እንደምትል፣ ስለዚህ ዳኛዋ ፍርድ ካቆመች ቴርሞሜትር መፈለግ እንዳለበት። «አልራበኝም» ካለች ያዘነች መሆኗን። እናቷ ስታመሽ መብራት ሳይሆን የበሩን ድምፅ እንደምትጠብቅ። አንዱን በነገርኩት ቁጥር ጥርስ የምነቀል ያህል ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «እኔ ደግሞ የምጠይቅህ አለኝ። ማሾፍ እንዴት ነው? ትናንት አውቶቡሱን አቁማ፣ አንተ ደረቅ ነህ፣ አጎቴ ቢሆን ያስቀኝ ነበር አለችኝ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር አልሰማሁም። ጥቂት አስተማርኩት። ተሰጥኦው የለውም።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው። ልጅሽ ችላለች። ልጅቷን ይዤ አልመጣም፤ ቅዳሜ ብቻዬን እሳፈራለሁ። አንቺም «ልጅቷን ስጪኝ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ እንዳታወጪ፤ አንቺ እናቷ ነሽና ልጅሽ እምቢ ማለት ይከብዳታል፣ እሺ ካለችሽ ደግሞ ትሰበራለች። ዳኛዋ በስልክ «አባባ እንዲህ አለ» ስትልሽ ዋጥ አድርጊው። ይመራል። እኔ አሁንም እየዋጥኩ ነው፤ አልወረደልኝም።

ለባለቤትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለታናሹ ልጅሽ፣ ለዚያ ቀጭኔ፣ ቁመቱን ተወት አድርጎ በአእምሮው እንዲያድግ ንገሪው። ምራትሽን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች ሐሜቱን ከዚህ ውስጥ የቀነስኩት ለእሷ ብዬ ነው። ማዶ ላለችው አክስታችን ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ አድርሺ፤ በቀስታ ከሆነ አትሰማም።

ጓዳ ውስጥ ለዳኛዋ ያነጠፍሽውን ትንሽ አልጋ ደግሞ አታንሺው። ለዕረፍት ትመጣለች፤ እናቷ ቃል ገብታለች። ስትመጣ ግን እንደ እንግዳ ተቀበያት፤ ቤቷ እዚህ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልጅሽ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን