በፋሪሃ ስልክ በኩል

ካላክላ፣ ካርቱም
ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱስ በደንብ ገባላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሳሁ እንጂ አልታመምኩም። ሁዘይፋ ይህን ሲያነብልሽ ቀስ ይበል፤ ያ ወንድሜ ሲያነብ እንደሚያባርሩት ሰው ነው።

ስለ ፋሪሃ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ደህና ናት» ብዬሻለሁ። ዋሽቻለሁ፤ አፉ በይኝ። እህቴን ካየኋት ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው።

እዚህ በጦርነቱ ምክንያት ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል። ሙስዐብ የሚባል ኢንጂነር ጎረቤታችን የእኛን የሐበሻ ሴቶች ስልክ እርስ በርስ አገናኘልን። መልእክት ከአንዱ ስልክ ወደ ቅርቡ ስልክ እየተቀባበለ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ይደርሳል፤ እዚያ ሳተላይት ያለው ቤት ወደ እናንተ ይልከዋል። ከሳተላይቱ ቤት በፊት የመጨረሻዋ ተቀባይ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት የምትሠራው ፋሪሃ ናት። ሕግም አለው፤ አንድ ስልክ መልእክት ውጦ ካስቀረ፣ ሦስት ሰዎች «አላምነውም» ብለው ሲጫኑ ሁሉም ስልኮች ይዘጉበታል።

ሰኔ መግቢያ ላይ የፋሪሃ ስልክ የአራት ቀን መልእክት ዋጠ። በዚያው ሰሞን ታጣቂዎች መንገድ ላይ ስልክ ይቀሙ ነበር። ጓደኞቼ ሉጥፊያና ሐምዲያ ቀድመው ተጭነው ኖሮ እኔ ዘንድ መጡ።

«ያ ኒዕማ፣ ተቀምታ ቢሆንስ? ስማችን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ወላሂ እንያዛለን፤ ያላ፣ ተጫኚ!» አለችኝ ሉጥፊያ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ስትይ ሰምቼ ያደግኩ ልጅሽ ነኝ። ተጫንኩት። ያኔ ሁለት ሳምንት ወሬዬ የጠፋብሽ ለዚህ ነው።

ከሳምንት በኋላ ሙስዐብ ስልኬን ከፍቶ አሳየኝ። የፋሪሃ ስልክ ከተዘጋበት ወዲህ ሊገናኘን ስድሳ አንድ ጊዜ አንኳኩቷል። ስድሳ አንዱንም ጊዜ ሳንከፍትለት መልሰነዋል።

በእግሬ አል-ሳሃፋ ሄድኩ። የአሠሪዎቿ በር ተከርችሟል። ጎረቤታቸው፣ «ሰዎቹ ሸሹ። ልጅቷ ብቻዋን ቀርታ ነበር፤ መብራት ስለሌለ ስልኳን አጥፍታ ነበር የምትውለው። ከዚያ ወዴት እንደሄደች ወላሂ አላየሁም» አለችኝ።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ «አምነዋለሁ» ብዬ መልሼ ተጫንኩ። ሦስቱ ሁለት ሲሆኑ መንገዱ ተከፈተ። ሉጥፊያ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

እማዬ፣ ስልኩ አለ። ቀትር ላይ ይበራል፤ የሁላችንንም መልእክት አንድ ሳያጎድል ያደርሳል። ለእሷ የምጽፈው ግን መልስ የለውም። እሷ ትያዘው ሌላ ሰው አላውቅም። ቀትር ሲሆን ስሟ ስልኬ ላይ ብቅ ይላል፤ በዚህ ሁሉ ሙቀት ይበርደኛል። እፈራለሁ፤ ደግሞ ከቀረ እሞታለሁ።

ይህም ደብዳቤ በዚያው ስልክ ነው የሚያልፈው። መልእክታችን የታሸገ ስለሆነ አሳላፊው ውስጡን አያይም። ዛሬ ግን ሳላሽገው ልኬዋለሁ።

ዱዓ አድርጊልን። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ሦስታችንንም በአንድ ደጃፍ ያገናኘን።

ልጅሽ ኒዕማ

ፋሪሃ፣ የያዝሽው አንቺ ከሆንሽ፦ ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ለእማዬ ከማሳለፍሽ በፊት አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ስድብም ይሁን።