ለእንግዳ ስነሣ

ሶዶ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

በስተርጅና ያገኘሁህ ልጄ እሸቴ፣ የሰው አገር አይክፋብህ፣ ጠባቂ መልአክህ ከጎንህ አይለይ። እስክንድርያ ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ላሟ ወልዳለች፤ ዝናቡ ግን እስካሁን አልለቀቀንም።

እኔ እንደገና ተሰበርሁ። አምና የግራ ዳሌዬ ነበር፤ ዘንድሮ የቀኙ። ወጌሻው ኤርካሎ አምና ሲያሸኝ፣ «እመቤቴ፣ አንዴ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ መውደቅ ይቀናዋል። ዓይንዎ ደክሟል፤ ጾሙም አጥንትዎን አሳስቶታል። ያለ ምርኩዝ አይነሡ፤ እንግዳ ሲመጣም ቁጭ ይበሉ» ብሎኝ ነበር። ምርኩዙን እሺ አልሁ። ሌላው ግን እንዴት ይሆናል? ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ በር ላይ ሲደርስ «ኖር!» ብዬ ብድግ እላለሁ። ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ?

በመስቀል ማግስት የነፍስ አባቴ መምሬ ቢያድግልኝ መጡ። ገና ሳያቸው ምርኩዙን ረስቼ ተነሣሁ፤ ለበዓሉ የተነጠፈው የእንሰት ቅጠል አዳለጠኝ። ይህን የሚጽፉልህ እሳቸው ናቸው። «የእኔን ስም ተዪው» ቢሉኝም፣ ይጻፉ ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ጎረቤት እንደ ሕፃን ያገላብጠኛል። ደከመኝ፣ ልጄ።

እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ፤ ዓይንህን ሳላይ አይውሰደኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ስትመጣ ድንገት በሬ ላይ እንዳትቆም። ሻንቶ ስትደርስ አስቀድመህ ሰው ላክ፤ በግራ በቀኝ የሚደግፉኝ ሁለት ሰዎች ልጥራ። አንተን ቁጭ ብዬ መቀበል አልችልበትም።

እናትህ ሳህሊቱ