ሽጉጥህ ዛሬ የት ያድራል?

ለክቡራንና ክቡራት የክፍለ ግዛታችን ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባላት፣
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እናንተም ልጆቻችሁም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። የልጆቻችሁን ጤና ያነሳሁት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ አልቢና ማሬክ እባላለሁ፤ ከጥጥ እርሻና ከቤተ ክርስቲያን ግንብ በቀር ከሩቅ የሚታይ ነገር በሌላት የቴክሳስ ገጠር መንደር የምኖር መበለት ነኝ። መሣሪያ የምጠላ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ እወዳለሁ፤ ለእባብ የሚሆን የአባቴ ጠመንጃ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል። ይህን የምጽፈውም ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ትምህርቱን እቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት እንዲጨርስ ስለፈቀዳችሁልን ላመሰግናችሁ ነው።

አንደኛ፣ ከብረት ወንበር ስላዳናችሁን አመሰግናለሁ። ድሮ ትምህርቱ በወር አንድ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ይሰጥ ነበር። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል፤ ማቀዝቀዣው ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ እኔም ለእረፍት ሰዓት የሚሆን ኮላቼ የምንለውን በፍራፍሬ ማርማላታ የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ ስጋግር ዱቄት ለብሼ እውል ነበር። ዛሬ ዕድሜ ለእናንተ አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ወገባችንም ተርፏል።

ሁለተኛ፣ ከአስተማሪያችን ከአቶ ላድ ኦርሳክ ምላስ ስለገላገላችሁን አመሰግናለሁ። እኚህ ጡረታ የወጡ የሸሪፍ ረዳት፣ ሽጉጥ ስለማስቀመጥ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ይዘጉና ተማሪውን አንድ በአንድ እያስነሱ፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ «ሽጉጥህ ዛሬ የት ያድራል? አንተስ ከማን ጋር ታድራለህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጎረቤት በተሰበሰበበት መዋሸት ደግሞ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አንዱ ደረቱን ነፍቶ «ካዝና ውስጥ ነዋ፣ ተቆልፎ!» ሲል፣ ሚስቱ ከኋላ ተነስታ «አንተ ቀጣፊ! ትናንት ቤት ስጠርግ ከሶፋው ስር ያወጣሁት የማነው ታዲያ?» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው።

ጥጥ አምራቹ ኤርቪን ሃይክ የተነሳ ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ሚስቱን ከቀበረ ብዙ አልቆየም። «ከራስጌዬ» አለ። «ከማን ጋር ላሉኝ... ከማንም ጋር» ብሎ ተቀመጠ። አቶ ላድ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና «በል ተነስ፣ ከአልቢና ጋር ሰሃን እጠብ» አሉት። «ዛሬ እኔ ቤት ነው የምታድረው፤ ሽጉጡም እኔ ጋ ይሰነብታል። ወረቀትህን የምፈርመው ስትስቅ ያየሁህ ቀን ነው።» ኤርቪንም «የእርስዎን ፊት እያየሁ እንዴት ብዬ ልስቅ?» ሲላቸው፣ «ይኸው፣ ጀመርክ አይደል!» አሉት። የፈረሙለት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጥጡ ሲለቀም ነው። እንዲህ ያለው መጉላላት ዛሬ በእናንተ ቸርነት ቀርቶልናል።

ሦስተኛ ብዬ በዚያው ወግ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልኩም።

ልጄ ዳረን ትራክተር ጠጋኝ ነበር። ባለፈው ጸደይ ሚስቱ ጥላው ሄደች። ፈቃዱን ማውጣት ባሰበ ጊዜ የአቶ ላድ ትምህርት ተማሪ አጥቶ ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ እቤቱ፣ ብቻውን፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ተማረ። ኮምፒዩተሩም ሽጉጥ የት መቀመጥ እንዳለበት ጠይቆታል፤ አራት ምርጫ ሰጥቶታል፤ ልጄም ትክክለኛውን መርጧል። ፈተናውን መቶ ከመቶ ነው ያለፈው። ተኩሱን በአካል ቀርቦ እንዲያሳይ ደንቡ ስለሚያዝ፣ እጁ እንደማይንቀጠቀጥም ተመስክሮለታል። እጁን ያየ ነበር፤ ፊቱን ያየ ግን አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጄ ነፍሱን በገዛ እጁ አጠፋ።

እናቱ ሆነሽ አንቺስ የት ነበርሽ ትሉኝ ይሆናል። እሑድ እሑድ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምሳ እየበላ ያስቀኝ ነበር። ልጅ ከማንም አስቀድሞ ሐዘኑን የሚደብቀው ከእናቱ መሆኑን እናንተም ወላጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። በሕጋችን ያለ ፈቃድም ሽጉጥ መያዝ ይችል እንደነበር አውቃለሁ፤ አገሩ ሁሉ መሣሪያ ነው። አዳራሹ ገብቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ብዬ ለመማልም አልደፍርም። ከከተማ ርቆ ለሚኖር ከብት አርቢ ሕጉ ደግ እንደዋለለትም አልክድም። ነገር ግን ልጄ አንድ ጊዜ፣ ፊቱን በሚያይ ሰው፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ተጠይቆ ቢሆን ምን ነበረበት እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። 

ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ኤርቪን ሃይክ ነበር። ከመቃብር ስንመለስ አቶ ላድን «እኔስ የማጥበው ሰሃን ሰጡኝ፤ ለእሱ ማን ምን ሰጠው?» አላቸው። ምላሰኛው አቶ ላድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትሉኝ አላጣሁትም። ቢሆንም ሕጉን ሻሩት አልልም፤ ያቺን የአቶ ላድን ጥያቄ ብቻ ከማሽኑ ነጥቃችሁ ለሰው እንድትመልሱልን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ወንበር ከጠፋ የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ኮላቼውንም እኔው እጋግራለሁ።

ወገቧን ያተረፋችሁላት፣ ልጇ ያልተረፈላት፣
የዘወትር አክባሪያችሁ፣
አልቢና ማሬክ

ማሳሰቢያ፦ ትምህርቱን የሚሸጠው ድርጅት በዳረን ስልክ ላይ መልእክት መላኩን አላቆመም። ምን ያህል እንደረካ ይጠይቀዋል፤ ትምህርቱን ለጓደኛው ቢጠቁም ቅናሽ እንዳለውም ይነግረዋል። የመጨረሻው ጥያቄ «ልንጠይቅዎ ሲገባን ያልጠየቅንዎ ነገር ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። እኔ መልሱን ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ እባካችሁ እናንተ ጻፉላቸው።