ስህተት፦ ሁሉም ደህና ነው

ቆቦ። ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ 2001። ጠዋት።

ጠብታው ገብቷል። እማ እንደ ልማዷ፣ ዓይኔን ልትጠብሽው ነው ወይ ብላ ጮኸች። ሞራው ከተገፈፈላት ወዲህ በግራ ዓይኗ ብርሃን ትለያለች፤ ዛሬ ደግሞ የበሩን ቀለም ነገረችኝ። ሰማያዊ አለች። አረንጓዴ ነው። አላረምኳትም፤ ቀለም ቀቢውም ያኔ የለየው አይመስለኝም።

ለዓይን ዘመቻ የመጡት ሐኪሞች ሲሄዱ የሰጡንን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አታጎንብሺ። አትሺው። ጭስ አትቅረቢ። አታልቅሺ። የመጨረሻውን ሳነብላት ሳቀች። ምን አግኝቶኝ ላለቅስ፣ ልጄ አጠገቤ፣ ማሽላው ያማረ!

አጥርታ ማየት የምትፈልገው መጀመሪያ የወንድሟን ፊት ነው። አጎቴ ሰይድ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ስልሳን አልፎም ከመሪ አልወርድ ያለ ሰው። አሁን አፋር፣ ሚሌ ነው። ጭነት ሲገኝ እመጣለሁ ብሏታል። ጥንቅሽ ነፍሱ ነው፤ ከማሳ የመጣውን ግማሹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ከእንስራው ጀርባ ደበቀችለት። አንድ አገዳ ልመዝ ስል እጄን መታችኝ። ዓይኗ ባያይ ጆሮዋ ያያል።

ከሰዓት። ዳዊት ከአ.አ. ደወለ። አለቃዬ ነው፣ ጓደኛዬም። ለገበሬዎች ማኅበር የሠራነው የጉድጓድ ውኃ መመዝገቢያ ፕሮግራም አስቸግሯል። ኮምፒውተሩ በሊኑክስ በሚሠራበት ቢሮ ሲበላሽ ምክንያቱን ይናገራል፤ ዊንዶውስ ባለው ቢሮ ይቀባጥራል። በየትም ይሁን በየት የስህተቱን ምክንያት በትክክል የሚናገር አንድ ፈንክሽን፣ አንድ የኮድ ቁራጭ፣ ጻፊ አለኝ፣ በሲ ቋንቋ። ፈቃድ ላይ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ አለ። ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

መብራት የለም። ስለዚህ ላንቺ፣ ማስታወሻዬ። አንቺ ቻርጅ አትፈልጊም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ፕሮግራሙ ፋይል መክፈት ሲያቅተው ሲስተሙ አንዲት ቁጥር ትቶለት ይሄዳል። ቁጥሯን ይዘሽ ትርጉሟን ትጠይቂያለሽ። ግን ሊኑክስ ቁጥሯን አንድ ቦታ ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ሌላ ቦታ። ቁጥሩም አይመሳሰልም። ዊንዶውስ ትርጉሙን ሲነግርሽ መጨረሻው ላይ ባዶ መስመር ይለጥፋል፣ ንግግሩን ጨርሶ እህ እንደሚል ሽማግሌ። የሊኑክስ የሥጋ ዘመዳሞች እንኳ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ስሙ አንድ የሆነ ፈንክሽን እዚህ ቁጥር ይመልሳል፣ እዚያ ዐረፍተ ነገር። እኔ የምጽፈው ከሁሉም በላይ ሆኖ እያንዳንዱን በአመሉ የሚጠይቅ ነው።

ይህን ሥራ መጀመሪያ ሲሠራ ያየሁት አጎቴን ነው። ትዝ አለኝ። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጦ ቆላ ይዞኝ ወረደ። ፍሪሲዮን ተቃጠለ። አንድ መኪና፣ አንድ ብልሽት። አፋር ወዳጁ ሲመጣ ከግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በአፋርኛ ከመነሻው ነገረው፦ የት እንዳደረ፣ ማንን እንዳገኘ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ፍሪሲዮኑ መጨረሻ። ለአላማጣው ነጋዴ በትግርኛ፣ በአጭሩ፣ ተሰቢራ። ለእማ ደግሞ በሌላ ሹፌር አፍ ላከባት፤ ሁሉም ደህና ነው፣ እኔ ደህና፣ ልጅቱ ደህና፣ መኪናዋም ደህና፣ ብቻ ትንሽ ቆማለች። እማ ይህን ስትሰማ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች አሉ። ገብቷታል።

ከአሰብ ያመጣልኝ ሒሳብ ማሽንም ነበረች። ለዜሮ ሳካፍል ስክሪኗ ላይ አንድ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ብቅ አለ። ምንድን ነው አጎቴ? እምቢ ማለቷ ነው፣ አታስገድጃት አለኝ። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው የስህተት መልእክት ያ ነው። ደስ የሚል ዘመን ነበር። መብራት መጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ሼህ እንድሪስ አስጠሩኝ። ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ። ቤታቸው ሳይሆን ልጃቸው ሱቅ። አስቀመጡኝ። ሻይ አስቀዱልኝ። የእማን ዓይን ጠየቁ፣ ማሽላውን ጠየቁ፣ ከዚያ ሥራዬን ጠየቁ። እዚህ ላይ ሻዩን አስቀመጥኩ። ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም።

አጎቴ አርፏል። እሑድ፣ ሚሌ ላይ፣ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ። በዕለቱ ቀበሩት። አላህ ይርሐመው።

ሽማግሌዎቹ መክረዋል። ለእማ አይነገርም። እሷ ስታለቅስ እንዴት እንደሆነ ቆቦ ያውቃል፤ አባቴ ሲሞት ደረቷን ስትደቃ ውላ ድምጿ እስከ ረመዳን አልተመለሰም። ዓይኗ እስኪድን ይቆይ፣ የሄደ አይመለስ፣ ያለው አይጥፋ አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ቤት ማልቀስ አልችልም። ባጃጅ ይዤ ሮቢት መንገድ ወረድኩ፣ ማሽላ ማሳ ዳር። እዚያ አለቀስኩ። ወፍ የሚጠብቅ ሰውዬ ወንጭፉን አስቀምጦ ፊቱን አዞረልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

እማ፦ “አያ ሰይድ ዘንድ ደውይልኝ እስቲ።”

የደወልኩ አስመሰልኩ። ኔትወርክ የለም አልኳት። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ኔትወርኩስ ምን ሁኖ ነው፣ አንች ከዳዊት ጋር ስታወሪ ትውያለሽ አለችኝ። የሚሌ ነው የጠፋው አልኩ። አፌን ምን ነካው?

ኮዱን ሞከርኩ። ሆን ብዬ የሌለ ፋይል አስከፈትኩት። በሊኑክሱ ልክ። በዊንዶውሱ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? ስህተት፦ ክንውኑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ለዳዊት ነገርኩት፣ በሳቅ ሞተ። ወሎዬ ኮምፒውተር አለኝ፤ ቤቱ እየተቃጠለ ሁሉም ደህና ነው የሚል። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር። ስልኩን ዘጋሁበት።

አርብ። ምንም አልጻፍኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።

ሰው ጎረፈ። ዓይንሽን ልንጠይቅ ነው የሚል፣ ሁሉም። ሴቶቹ ቁጭ ይላሉ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። ሲወጡ እማ እንዲህ አለች፦ “ሰዉ ሁሉ ዓይኔን ሊያይ ይመጣል፤ ዓይኔን የሚያይ ግን የለም።”

ወደ ላፕቶፑ ሸሸሁ። ጥፋቱን አገኘሁት፣ የራሴ ነው። ስህተቱ ሲፈጠር ፈንክሽኔ ቁጥሯን ከመያዙ በፊት መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። ያ መጻፍ ይሳካል። ሲሳካ ዊንዶውስ የመጀመሪያዋን ቁጥር ዜሮ አድርጎ ያጠፋታል። ዜሮ ማለት ደህና ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ መስመር፦ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከማድረግሽ በፊት ቁጥሯን ያዢ። አስተካከልኩ። በሁለቱም ልክ ሠራ። ድሮ ቢሆን ለአጎቴ ደውዬ እነግረው ነበር። አይገባውም፤ ግን ሞተር ያስነሳሁ ያህል ይጨፍርልኝ ነበር።

እማ ጆንያውን ውኃ ረጨችው። በዳሰሳ። አገዳዎቹን አንድ በአንድ ነካች። እየደረቁ ነው፣ ምነው ዘገየ አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15።

ዛሬ ጣቶቼን አየች። የበሩንም ቀለም፤ አረንጓዴ ነው እንዴ፣ ማን ቀየረው አለች።

ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ይነገራት አልኩ። የወንድሜን ሞት ደብቀው ዓይኔን ሰጡኝ ብላ እስክትሞት ይቅር አትለንም፤ ያ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ውሸታችንን ነው። ተቆጡ። ቆይተው ረጋ አሉ። ሐያት፣ ዓይኗ ቢጠፋ አንች ትመሪያታለሽ፣ ወይስ አ.አ. ትመለሻለሽ አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ይህ ነው የከፋው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት።

ጉድ ፈላ። እማን ነጠላዋን ለብሳ፣ የጥንቅሹን እስር ተሸክማ በር ላይ አገኘኋት። ወደ አስፋልቱ ልትወጣ ነው። ወደ ሚሌ የሚወርድ ሹፌር አይጠፋም፣ ለአያ ሰይድ እልክለታለሁ፣ ሳይደርቅ። ልብ በይ ማስታወሻዬ፤ የሚሌ ሹፌር አጎቴን የማያውቅ የለም። ለማን? ለሰይድ? አልሰማሽም እንዴ እማማ? ይላታል። በቁሟ፣ በፀሐይ፣ ከእንግዳ አፍ። መርዶ እንዲህ አይረዳም።

ነገ እኔ እወስደዋለሁ ብዬ ማልኩላት። በጭንቅ ተመለሰች።

ጤ/ጣቢያ ሮጥኩ። ሲስተሯን ያዝኳት። ብታለቅስ ምን ይሆናል? ገረማት። እንባ አይጎዳውም አለች። የሚጎዳው ማሸት ነው፣ ደረት መድቃት፣ ራስን መሬት ላይ መጣል። ለእንደነዚያ ዓይነት ለቅሶ ነው አታልቅሺ የምንለው።

ወረቀቱ ለምን እንደሆነ አይልም ነበር። እኛም፣ እኔን ጨምሮ፣ አልጠየቅንም። ስህተቱን ብቻ የሚናገር፣ ምክንያቱን የሚውጥ መልእክት እንዳልጽፍ ስንት ቀን ስዳክር ከርሜ! ግድግዳዬ ላይ ተለጥፎልኛል።

ከሰዓት። ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ፣ በዕድሜዬ ድፍረት ነው። የሲስተሯን ቃል ነገርኳቸው። ዓይኗ ላይ መከለያው ይታሰር፣ እጆቿን እንያዝላት፣ ታልቅስ አልኩ። ሼህ እንድሪስ ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩ። ከዚያ ማን ይይዛታል አሉ፣ ብርቱ ናት። እኔ አልኩ። ብቻሽን አትችያትም፣ ሴቶቹም ይመጣሉ አሉ። ነገ፣ ሱብሒ እንደተሰገደ።

ለዳዊት ሥራውን ላክሁ። መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ሲስተሙ የማያውቃት ቁጥር ስትመጣ ፈንክሽኑ ደህና ነው አይልም። ይህቺን አላውቃትም ብሎ ቁጥሯን እንዳለች ያሳያል። ለዚህ ምን አስቸኮለሽ አለኝ። ወደፊት እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ጎህ ሲቀድ።

አዛን ተብሏል። እማ ተቀምጣ ሰግዳለች። ጠብታውን አደረግሁላት፣ መከለያውን አሰርኩላት፣ በደንብ ጠበቅ አድርጌ። ለምን በጠዋት አለች። አቧራ አለ አልኳት። የመጨረሻ ውሸቴ ትሁን። አንድ ፉት ወተት በግድ አጠጣኋት።

የጥንቅሹን እስር ከእንስራው ጀርባ አየሁት። ጆንያው ዛሬም እርጥብ ነው። ስንት ጊዜ ከጋቢና ወርዶ፣ ሰላም ሳይለን፣ ጥንቅሽ የታለ ይል ነበር። ናፈቀኝ። አሁን መናፈቅ ጀመርኩ።

እግር ይሰማል። ከመስጊዱ በኩል። ቀስ ይላሉ፤ አንዱ ያስላል፣ ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሴቶቹ ከኋላ። በሩ ገና አልተንኳኳም።

እማ ጆሮዋን አቀናች። ማን ነው አላለችም። እኔን ጠራችኝ፣ በቀስታ፦ “ሐያት፣ ስንት ናቸው?”

በዚህ ሰዓት አንድ ሰው ከመጣ እሳት ሊለምን ነው፤ ብዙ ከመጣ መርዶ ነው። ይህን ቆቦ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ብዙ ናቸው፣ እማ አልኳት።

ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘረጋችልኝ። ሳልጠይቃት፣ ራሷ። ማስታወሻዬ፣ ላስቀምጥሽ፣ በሁለት እጄ ልያዛት።