የአያ ክንዱ ፍሪጅ

ጥር 29

ፍሪጁ ገባ! የብሌን ኢንሱሊን ከእርጥብ እንስራ ተገላገለ። ልጄ ስኳር ካገኛት ሁለት ዓመቷ... አሁን እፎይ ብዬ ልተኛ ነው።

አያ ክንዱ ነው ፒያሳ ካለው ሱቁ የሸጠልኝ። የሚካኤል ማኅበርተኛዬ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ አፈርሁ። አብሮ ጽዋ የሚጠጣ ሰው "ወረቀት ስጠኝ" ይባላል?

የካቲት 4

መብራት አለ። ፍሪጁ ይጮኻል፣ አያቀዘቅዝም። መድኃኒቱን ወደ እንስራው መለስሁት። አምና ሙቀት አበላሽቶት ብሌን ሦስት ቀን ራሷን ስታ ሆስፒታል የተኛችው... እንዴት ይረሳኛል?

የካቲት 6

ወደ ሱቁ ሄድሁ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለኝ። ምነው አያ? "ደግሞስ ከእኔ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?"

ዓይን አውጣ! እሳት ሆኜ ተመለስሁ።

ጎረቤቴ ነጃት ፍርድ ቤት ነው የምትሠራ። "አይመለስም ስላለ ሕግ አይሆንም" አለችኝ። "ጉድለት ካለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጠይቂው። ወይ ይቀይራል፣ ወይ ብርሽን ይመልሳል። ግን መሸጡን ቢክድ በምን ታስረጃለሽ?"

ደረሰኝ የለኝ። ይሉኝታ ነው ጉድ የሠራኝ።

የካቲት 9

ጭራሽ አያ ክንዱ እንዳልከሰው ፈርቶ የንስሐ አባቴን ቄስ ወልደኢየሱስን ላከብኝ! "ልጄ፣ ማኅበርተኛ መክሰስ ነውር ነው።" የልጅ መድኃኒት ማበላሸትስ አባቴ? አልኋቸው።

የፊታችን ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነኝ። አያ ክንዱም ይምጣ!

የካቲት 12

ፍሪጁን እንደተሰካ ከቤቱ መሃል ገተርሁት። ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀምጧል። ከውስጡ ውሃ አውጥቼ መጀመሪያ ለአያ ክንዱ ቀዳሁለት። "ከትናንት ጀምሮ ውስጡ የነበረ ነው። ቅመስ አያ።"

ቀመሰ። ለብ ያለ! ሰው ሳቀ። እሱ ግን ቱግ አለ።

"እኔ ስሸጥላት ደህና ነበር! በገዛ እጄ ነው ጭኜ የላክሁላት!"

እሰይ! "ሰማችሁ?" አልሁ። "መሸጡን በአፉ ተናገረ። ፍርድ ቤት ብሄድ ትመሰክሩልኛላችሁ?"

ቄስ ወልደኢየሱስ ጽዋቸውን አስቀመጡ።

"ሰምተናል" አሉ። "እንመሰክራለን።"

የካቲት 14

አያ ክንዱ ራሱ ሌላ ፍሪጅ ይዞ መጣ። ሰክቼ ሁለት ሰዓት አስጠበቅሁት። ውስጡ ያስገባሁትን የውሃ ጠርሙስ ሳወጣው ቀዝቅዞ ሲያልበው አየሁ። ብሌን መድኃኒቷን በገዛ እጇ አስገባች።

ሊወጣ ሲል "ደረሰኝ" አልሁት።

"ምነው ወርቅውሃ፣ አታምኝኝም?"

"ጻፍ አያ።"

በሩ ላይ ቆምሁ። ጻፈ።