ኮቴ እስካለ ድረስ

ለውድ ወንድሜ ለሽመልስ ገብረ ማርያም
ደርባን

ወንድም ጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ኤልሳስ እንደምን ናት? ያ የወገቧ ሕመም ተሻላት ወይስ ዛሬም ወንበር ላይ ሆና ነው ሱቁን የምትጠብቀው? ልጅህ ዮዲትስ አድጋ ይሆን? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢከዳትም ምላሷ አልከዳትም፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን የሚወጣውን ስም እየጠራች ትመርቃለች፣ የማትወደውን ደግሞ ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ጭቃው እንደምታውቀው ነው።

የምጽፍልህ በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው። ስልክ ስይዝ እማዬ ጆሮዋን ታቀናለች፤ የሠርግ አዳራሹ ውስጥም ሁልጊዜ ወንበር የሚደረድር ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ወደ እናንተ አገር የሚመጣው፣ በእምነት የሚባለው ጎረቤታችን ይህን ወረቀት እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ፖስታውን በሙጫ ብቻ ሳይሆን በክርም ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ቀይ ነው፤ ሌላ ቀለም ሆኖ ከደረሰህ ተከፍቷል ማለት ነው። በእምነትን ጠርጥሬው አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጠርጥሬው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ዮዲት አማርኛ ማንበብ ስትጀምር ታንብበው ብዬ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አባባ ግቢውን የያዘው በ1984 ነው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ሦስት ፈረስና ሁለት በቅሎ ይዞ ሲቀር፣ ከከተማው ዳር ያለውን ግጦሽ የሰጠው የጎረቤታችን የጥላሁን አባት ነው፣ ያ የአሪ ሽማግሌ። ወረቀት አልተጻፈም። በሽማግሌዎች ፊት የተባለው አንድ ቃል ነው፤ የገዛ ፈረሱ ኮቴ እስካለበት ድረስ ግጦሹ የገብረ ማርያም ነው፣ ኮቴ የጠፋ ዕለት ወደ ሰጪው ቤት ይመለሳል። አባባ ያን ጊዜ ሳቀ አሉ። ጂንካ ያለ ፈረስ ትኖራለች ብሎ ማን ያስብ ነበር?

እውነቱን ነበር። በክረምት መኪናውን ሁሉ ጭቃ ሲይዘው፣ ለደጋው ትምህርት ቤቶች ጠመኔና የፈተና ወረቀት፣ ለጤና ጣቢያው ክትባት ይዞ የሚወጣው የአባባ ፈረስ ነው። አሥራ ስምንት የደረሱበትን ዓመት ታስታውሳለህ። ወደ ቆላው ከተማ ወደ ሃና ግን አያወርዳቸውም ነበር፤ የቆላው ዝንብ ገንዲ ያስይዛቸዋል ይላል። አንድ የቢሮ ሰው በግድ ሁለቱን ወስዶ ሁለቱም በወሩ ሞቱ። አባባ እስከ ዕለተ ሞቱ ለዚያ ሰው ሰላምታ አልሰጠም። እኔ ቂሙን ከእሱ፣ ጥርጣሬውን ከእማዬ ወርሻለሁ።

ከዚያ ሞተር ሳይክሉ መጣ፣ ባጃጁ መጣ፣ አስፋልቱ መጣ። አንተም ሄድክ። አባባ በ2003 ሲያርፍ ሰባት ፈረስ ነበረን፤ እነሱም አንድ በአንድ ተሸጡና ቦራ ብቻ ቀረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ አንተ ልጓም ያስለመድካት። ጋጣው አዳራሽ የሆነው በእኔ ብልሃት እንዳይመስልህ። በ2006 በጎረቤት ሠርግ ላይ ዝናብ ዳሱን ሲጥለው እንግዳው ከነሳህኑ ወደ ጋጣችን ሮጠ፤ እበቱን በአካፋ ጠርገን እዚያው ተጨፈረ። በሳምንቱ ሌላ ሰው መጥቶ ያን ቤት ለልጄ ሠርግ አከራዪኝ አለኝ። ወለሉን ሲሚንቶ አደረግሁ፣ ግርግሙን አፍርሼ የሙሽራ መድረክ ሠራሁ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ በሥራ ቀን የቢሮዎች ወርክሾፕ፣ በሐምሌ ምርቃት ነው። ሙሽሮች ቦራ ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ። የግቢው ዘበኛና የቦራ ጠባቂ ደግሞ ጥላሁን ነው፣ የዚያ ሽማግሌ የበኩር ልጅ። አስበው እስቲ፤ በፈረሷ ሞት መሬት የሚያገኝ ሰው ነው ፈረሷን የሚያበላት። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ከእጁ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ይዞታ ሊመዘግብ ነው ተባለ። ወረቀት ለሌለው ሰው አዋሳኞቹና ሽማግሌዎች ቆመው ይመሰክሩለታል። የእኛ አዋሳኝ በሦስት በኩል የእነ ጥላሁን ቤተሰብ ነው። ይህን በሰማሁ ሰሞን፣ ኅዳር ላይ፣ ጥላሁን በላይኛው ግጦሽ ጥግ እንሰት ሲተክል አየሁት። እንሰት እንደ ጎመን ተተክሎ በሁለት ወር የሚቀነጠስ አይደለም፤ መሬት ሊይዝ ያሰበ ሰው ተክል ነው። ለምን ተከልከው ስለው ለጥላ ነው አለኝ። ለማን ጥላ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ጥር ላይ ደግሞ በአንድ ሠርግ ሞንታርቦው ሲጮህ ቦራ በርግጋ ሙሽራዋን ልትጥላት ምንም አልቀራትም። አሥር ዓመት ሞንታርቦ ሥር የቆመችው ቦራ፣ ጆሮዋን እንኳ የማታነቃንቀው።

በማግስቱ ጥላሁን ቸርች ሲሄድ ጠብቄ ከንፈሯን ገልጬ ጥርሷን አየሁ። አባባ ያስተማረንን አልረሳሁም። ቦራ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ረዝሞ ወደ ፊት ተገፍቶ ነበር። የዚህችኛዋ ከስምንት ዓመት አይበልጥም። የሠርጉን ጨርቅ ከጀርባዋ ሳነሳ ደግሞ ጠባሳ የለም። የእኛ ቦራ ኮርቻው የገጠባት ቦታ ላይ ነጭ ጠጉር አብቅላ ነበር፤ ይቺ ጭነት የሚባል አታውቅም። ግንባሯ ነጭ ነው፣ ቀለሟም አንድ ነው፣ ግን ቦራ አይደለችም።

የመሰለኝን ልንገርህ፤ የእኛን ቦራ ሸጧታል፣ በምዝገባው ቀን በሽማግሌ ፊት የዚህችኛዋን ጥርስ ገልጦ ይቺ የገብረ ማርያም ፈረስ አይደለችም ሊል ነው፣ እማዬን ከበረንዳዋ ሊያስነሳት ነው። ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር ቦራን ፍለጋ አልዱባ ገበያ ወረድኩ። ከብቱ፣ ፍየሉ፣ ማሩ፣ ቅሉ ሞልቷል፤ ፈረስ የለም። አንድ አዛውንት ፈረስ አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እዚህ ገንዲ ይፈጀዋል፣ ማን ያመጣዋል ብለው ውሃ አጠጡኝ። የአባባ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ።

መጨረሻ ላይ ራሱን ጠየቅሁት። ጥላሁን ብዙ አያወራም። እጁን ታጥቦ ወደ እንሰቱ ወሰደኝና ቦራ እዚህ ናት አለኝ። ኅዳር ላይ ተኝታ በዚያው ቀርታለች። ፈረስ ሲሞት ለጅብ ይጎተታል እንጂ አይቀበርም፤ እሱ ግን አሞራ እንዳይሰበሰብና ሰው እንዳያውቅ ብሎ ብቻውን ቆፍሮ ቀበራት፣ እንሰትም ተከለባት። ከዚያ የገዛ ጊደሩን እየነዳ ደጋ ወጥቶ በዚህችኛዋ ለወጠ። ለምን እንዲህ አደረግህ ስለው፣ መሬቱ ቢመለስ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሰባት ወንድማማች ነው፣ እንባላለን አለኝ። ደግሞም እማማ ብርነሽስ የት ይሄዳሉ አለ፣ እማዬን ማለቱ ነው። የትኛው ምክንያት እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን መዝጋቢዎቹ መጡ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ የጥላሁን ወንድሞችና ከቸርቹም ሰዎች ነበሩ። የገብረ ማርያም ፈረስ አለች ወይ ብለው ጥላሁንን ጠየቁት። ይህ ሰው ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። መሬት መሬት እያየ፣ አዎ አለች አላቸው። ዝም ብል ኖሮ ግቢው በሙሉ የእኛ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ግን ነገ ከወንድሞቹ አንዱ ጥርሷን ቢገልጥ ውሸታም የሚባለው እሱ ነው፣ መሬቱን የበላሁት ደግሞ እኔ። በዚያ ላይ አባባ ቃሉን የሰጠው በእነዚሁ ሽማግሌዎች አባቶች ፊት ነው። ቦራ በኅዳር ሞታለች ብዬ ተናገርኩ።

ሽማግሌዎቹ እስከ ከሰዓት ተማከሩ። ከቦዩ በላይ ያለው ግጦሽ ለእነ ጥላሁን ይመለስ፣ አዳራሹና የእማዬ ቤት ግን ሰው ኖሮበታልና አይነካ አሉ። መኪና ማቆሚያችንና ፎቶ የሚነሳበት መስክ ሄደ ማለት ነው። እማዬ አውራ ጣቷን፣ እኔ ፊርማዬን አኖርን። ጥላሁንን ግን በቸርቹ ሰዎች ፊት ውሸታም አድርጌዋለሁ፤ ከቸርች ሽማግሌነቱም ለጊዜው አሳርፈውታል። የበሩን ቁልፍ በሚስቱ በዘሪቱ እጅ ላከልኝ። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስለምነው ግባ በይ ሳይለኝ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። ወንድምሽ እውነቱን ነው፣ ቦራ በሞተች ዕለት ስደውልለት ለትጊ አትንገራት፣ ካወቀች ነገር ታበላሻለች ብሎኝ ነበር አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስንነጋገር ቦራ እንዴት ናት ትለኝ ነበር። እኔም እንዳታስብ ብዬ፣ ካወቅሁ በኋላ እንኳ፣ ደህና ናት እልህ ነበር። ጥላሁንን ጠርጥሬያለሁ፣ መዝጋቢውን ጠርጥሬያለሁ፣ ውሃ ያጠጡኝን የአልዱባ አዛውንት እንኳ ጠርጥሬያለሁ። ያልጠረጠርኩት ሰው አንተን ብቻ ነበር። ከፍቶኛል፣ አልደብቅህም። ግማሹ መሬት ያንተ ነበርና ሳልጠይቅህ በመፈረሜ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ከጥላሁን ደጅ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ደህና እተኛለሁ።

ለኤልሳ ወገቧን በሙቅ ውሃ እንድታሸው ንገርልኝ። ዮዲትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ የመሬቱን ነገር እንዳልጽፍልህ ስለለመነችኝ አልጻፍኩልህም በል፤ ቡራኬዋን ልካልሃለች። ዘሪቱ ሰላም ብላሃለች፣ እሷ ኩርፊያ አታውቅም። ጥላሁን እኔ ሰላም ስለው ፊቱን ያዞራል፤ ፈረሷም ከእሱ እጅ በቀር አልበላ ብላ ከስታለች። አንተ ደውልለትና ይመለስ ዘንድ ለምንልኝ። ስልክ ቁጥሩን ከእኔ አትጠይቅ፣ እንዳለህ አውቃለሁ።

እህትህ ትጊ ገብረ ማርያም
ጂንካ፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.