አባትየውስ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ውሃ መጣ። ከስንት ቀን በኋላ... ያለኝን ጀሪካን ሁሉ ሞላሁ፣ ባኞ ቤቱን አጠብኩ፣ የየኔሰውን ሸሚዞች ዘፈዘፍኩ። ባሌ ወረዳ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው፤ ኮሌታውን ያየ ግን ጋራዥ የሚሠራ ነው የሚለው።

ኤልናታን የሒሳብ ውጤቱን አሳየኝ። ከሃያ አሥራ ስድስት። "አራቱ የት ሄደ?" አልኩት። "ማሚ፣ ከክፍሉ ትልቁ እኮ አሥራ ሰባት ነው" አለኝ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ማን ያውቃል። አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ በቁመት አባቱን አልፎታል። ሱሪው ደግሞ አጠረ። ለሰው ልጆች ሠላሳ ሁለት ዩኒፎርም እየሰፋሁ የራሴው ልጅ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ ይሄዳል። ቅዳሜ አስረዝምለታለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

አንድ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፕሌይስቴሽን ቤቱ በር ላይ። የተጣሉት ለጨዋታ ተራ ነው። "የኔ ተራ ነው"፣ "አይደለም"... ኤልናታን ባምላኩን ገፈተረው፣ ልጆቹ ሳቁ። ባምላኩ ወደ ቤቱ ሄደ። የወፍጮ ቤቱ የወንድይፍራው ልጅ፤ ቤታቸው ከኛ አራት በር አልፎ ነው። ከአባቱ ቁምሳጥን ሽጉጡን አወጣ፣ ተመልሶ መጣ፣ ተኮሰ። ሁለት ጊዜ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

ልጄ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ባምላኩ ታስሯል። አባቱ ሁለት ቀን ተጠይቆ ወጣ። ሽጉጡ ፈቃድ አለው አሉኝ። ፈቃድ... ምን ለማድረግ ነው የተፈቀደለት?

ልጁን አልጠላውም ብል ውሸት ነው። እጠላዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ግን አባቱ ነው። ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡን ማሳየት የሚወደው፣ እድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር። ድሮ ጋሼ ነበር የምለው። አሁን ያንን እጁን በካቴና ማየት ነው የምፈልገው። ሌላ ምኞት የለኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ወንበር ሰጠኝ፣ ቀና ሰው ነው። ቀናነቱ ግን ምን ያደርግልኛል?

"እናት፣ የተኮሰው ልጁ ነው። ልጁ ደግሞ ተይዟል።"

"አባትየውስ?"

"ቆልፌበት ነበር፣ ቁልፌን ሰርቆ ነው ብሏል። ልጄ ከዚያ ቀን በፊት መሣሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም ብሏል።"

"እሱ ስላለ?"

"ሌላ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩን።"

ነክቶ አያውቅም። ሳይነካ ነው ሁለቱንም ደረቱ ላይ ያሳረፈው?

ዐቃቤ ሕጓ ትሻላለች። ልጅ እግር ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። "አባትየው መሣሪያውን ራሱ ይሰጠው ከነበረ፣ ወይም ልጁ እንደሚያገኘው እያወቀ ከተወው፣ ይጠየቃል። ማወቁን ግን ማስረዳት አለብን። ያየ ሰው ይፈልጉልኝ" አለችኝ። ያየ ሰው... ሰፈሩ ሁሉ አፉን ለጉሟል። ግማሹ ዘመዱ፣ ግማሹ የወፍጮ ደንበኛው።

ዐርብ፣ መጋቢት 12

ሳምንት ሙሉ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ዋልኩ። ጥቁሬን ለብሼ፣ በርጩማ ይዤ፣ የኤልናታንን ፎቶ ጉልበቴ ላይ አድርጌ። አንድ ቃል አልናገርም። ጤፍ ያሸከመች ሴት ትመጣለች፣ ታየኛለች፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ትመለሳለች። ዛሬ እስከ እኩለ ቀን አንድ ሰው ነው ያስፈጨው። ወፍጮው ሲቆም ጸጥታው እንዴት ደስ ይላል።

በመጨረሻ ራሱ ወጣ። ዱቄት በዱቄት ሆኖ።

"ማራኪ፣ በእናትሽ። እኔም እኮ ልጄን አጥቻለሁ።"

"ያንተ ልጅ ቁርስ በልቷል ዛሬ።"

"ምንድነው የምትፈልጊው?"

"አንተን።"

ተመልሶ ገባ። ደስ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ደስ ያለኝ ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው። በጾም... ኃጢአት ነው? ይሁና።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሽማግሌዎች መጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሸዋረጋ፣ የንስሐ አባታችን፣ አንድ የማላውቃቸው የወንድይፍራው ዘመድ። እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ። "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" አሉ።

የኔሰው ወንበር ሊያመቻች ተነሣ። "ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ።

"ልጄ" አሉ አቶ ሸዋረጋ፣ "ያጠፋው ልጅ ነው። ሕግ ይዞታል። አባትየውን ተዪው። ሐውልቱን እኛ እናሠራ ብለዋል፣ እናትየዋም እግርሽ ላይ ልትወድቅ ነው።"

"አባባ፣ የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ?"

"ይባላል።"

"እዚህ ቤት ግን ተገልብጧል። የልጁን ዕዳ አባትየው ይክፈል።"

አባ ደግሞ ቀጠሉ። "ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ። ጾሙን በከንቱ አታድርጊው።"

"ጸሎቴን ትቻለሁ፣ አባ። ሳሉን ነው የያዝኩት።"

ያልጠበቁት ነገር ነው፣ እኔም አልጠበቅሁትም። ዘመድየው በትራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ መሬት መሬት ያያሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ። ሦስት ሽበታም ሰው። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ወጡ።

የኔሰው ጮኸብኝ። "ሽማግሌ ከቤቴ ቆሞ ወጣ። ከእንግዲህ ማን ቤት እገባለሁ?" አለኝ። የልጁ ሞት ያላስጮኸው ሰው ለወንበር ጮኸ። ይህን በልቤ ነው ያልኩት። አፍ አውጥቼ አለማለቴ ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አገኘሁት። አገኘሁት...

ራህማ ልብስ ስፌት ሱቄ ድረስ መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ ከሱቄ ቀጥላ ጨርቅ የምትሸጠው። በሩን ዘጋችና ስልክ አወጣች። "ልጄ ዊዳድ የቀረጸችው ነው። ሳላሳይሽ ብቀር አላህ ይጠይቀኛል። ብታዪው ደግሞ... አላውቅም" አለች።

የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፣ ጥር ላይ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር። ድንኳኑ ደጃፍ፤ የኔሰው ያን ቀን አልመጣም። ወንድይፍራው ሽጉጡን ከወገቡ ያወጣል። ለባምላኩ ይሰጠዋል። ክርኑን ከሥር ደግፎ ወደ ላይ ያስተካክልለታል። ልጁ ይተኩሳል። አባትየው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል።

ነክቶ አያውቅም። ጉድህ ፈላ፣ ወንድይፍራው።

ራህማ ያሳየችኝ ድምፁን ዘግታ ነው። ለምን አልኳት። ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። ራሴ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ተኩሱ። ከዚያ እልልታ፣ ረጅም፣ ከሁሉ በላይ የወጣ። ከዚያ የሴት ድምፅ፦ "ድገመው፣ የኔ ጀግና!"

የኔ ድምፅ ነው።

ባምላኩ ደገመው። ከኋላው ኤልናታን ቆሟል፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሁለት ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ይስቃል። እና እኔ... "አንተ ደግሞ ጆሮ ትደፍናለህ? ወንድ እይ እስቲ፣ ወንድ!" ሰዉ ይስቃል። ኤልናታን ጣቶቹን ከጆሮው ያወጣል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

መርማሪው "ነክቶ አያውቅም" ሲለኝ ያ ሠርግ ለምን ትዝ አላለኝም? በሠርግ የተተኮሰ ማን ይቆጥራል... ወይስ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ? ሁለት ቀን ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ መሰለኝ። እዚህም ልጽፈው አልቻልኩም።

ዊዳድ ድምፁን ማጥፋት ትችላለች። "አንድ ደቂቃ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። ደቂቃም አይፈጅ። ምስሉ ብቻ ቢሆን እሱ ብቻ ነው የሚታየው። አጥፊው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። "ቆይ" ብያት ወጣሁ።

ከሰዓት አቶ ሸዋረጋ ብቻቸውን መጡ። ዛሬ ሳይለመኑ ተቀመጡ። የቪዲዮው ወሬ ደርሷቸዋል።

"ያ ሠርግ ላይ እኔም ነበርኩ። ቪዲዮው ከወጣ ያንቺም ድምፅ ይወጣል። የኔሰው ይሰማል፣ አገር ይሰማል። ገመናሽ ነው፣ ልጄ። ይቅርብሽ።"

በጣም ለስላሳ አድርገው ነው ያሉት። እያስፈራሩኝ መሆኑ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። በልጄ ደም ላይ የኔን እፍረት ደርበው ሊሸፍኑልኝ! ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ወንድይፍራው እስር ቤት እንዲገባ እኔ መራቆት ካለብኝ፣ እራቆታለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ዊዳድን ይዣት ሄድኩ። ስልኩን ከነቪዲዮው ለዐቃቤ ሕጓ ሰጠን። ሙሉውን። እስከ መጨረሻው ሰማችውና ቀና ብላ አየችኝ። "ይሄ ድምፅ..." ብላ ጀመረች። "የኔ ነው፣ ይመዝገብ" አልኳት።

ለየኔሰው አልነገርኩትም። ሞከርኩ፣ ሁለቴ። ራቱን ሲበላ አየሁትና ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ችሎት። ወንድይፍራው በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ። ጃኬት የለም፣ ቀበቶ የለም። አይቼ አልጠገብኩም።

ቪዲዮውን በትልቁ ከፈቱት። ከሞተ ወዲህ ኤልናታንን ሲንቀሳቀስ ሳየው ሁለተኛዬ ነው። የኔሰው ከጎኔ ነበር። "ድገመው" የሚለው ሲሰማ መጀመሪያ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር፣ የሚያውቀው ድምፅ ስለሆነ። ከዚያ ገባው። ትከሻው ከትከሻዬ ሲላቀቅ ተሰማኝ።

እኔን ምስክር ሳጥን አስገቡኝ። የወንድይፍራው ጠበቃ ተነሣ።

"እልል የሚሉት ማን ናቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ድገመው ያሉትስ?"

"እኔ።"

"ስለዚህ ልጁ ሲተኩስ ደስ ብሎዎት ነበር።"

"አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"እርስዎን ያስደሰተ ነገር ነው ታዲያ ደንበኛዬን ወንጀለኛ የሚያደርገው?"

የሳጥኑን ብረት ያዝኩ። "ልጄን ወንድ እይ ብዬዋለሁ" አልኩ። "የሞተውን ልጄን። ያየው ወንድ ነው የገደለው። ለዚያ የሚያስጠይቀኝ ሕግ ካላችሁ እዚሁ አለሁ፣ የትም አልሄድም። ሽጉጡን የሰጠው ግን እሱ ነው። እሱ ይቅደም።"

ዳኛዋ ጠበቃውን "ሌላ ጥያቄ አለዎት?" አሉት። የለኝም አለ። ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። አንገት መድፋቱን ፈልጌው ነበር፣ አገኘሁት። እሱን ሳይ ግን እኔን የሚያየኝ የኔሰው ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የኔሰው ቤቴል ሰፈር፣ እህቱ ጋ ሄደ። ሸሚዞቹን ይዞ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ፈረዱበት። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር። የልጁ ጉዳይ ለብቻው ነው፣ ገና ነው። የአባትየው አለቀ።

በካቴና ሲወስዱት በፊቴ አለፈ። አየሁት፣ እስከ በሩ ድረስ አየሁት። ደስ አለኝ። ለሌላ ሰው የምናገር ቢሆን አዝኛለሁ እል ነበር፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ። ደስ አለኝ። በቃው? አልበቃውም። ሠላሳ ቢሉትም አይበቃኝም ነበር።

በሩ ላይ ብርቱካን ጠበቀችኝ። ሚስቱ፣ የባምላኩ እናት። አራት ወር ሙሉ ስትመጣ መንገድ የቀየርኩባት። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

"ማራኪ" አለችኝ፣ "ያ እልልታ ያንቺ ብቻ አይደለም።"

"ምን?"

"እኔም ከጎንሽ ቆሜ እልል ብያለሁ። ድገመውም ብያለሁ። ድምፃችን ተደባልቆ ነው፣ ሲጠይቁ አንቺ ብቻ የኔ ነው አልሽ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዝም አልኩ።"

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ወደ ዐቃቤ ሕጓ ተመልሶ መሮጥ ነው። ይቺም አለችበት ልላት። እውነቴን ነው፣ ሁለት እርምጃ ተራምጃለሁ። ከዚያ ያ ድንኳን ታየኝ። ሙሉ ነበር እኮ። አጨብጫቢው፣ አቶ ሸዋረጋ፣ እህቴ፣ ሙሽራዋ ሳትቀር... ማንን ይዤ ማንን ልተው?

"ለምንድነው የምትነግሪኝ?" አልኳት።

"ለማን ልንገር?"

ይቅር አላልኳትም። ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄድኩ፣ እሷም ከኋላዬ መጣች፤ ሰፈራችን አንድ ነው፣ ወዴት ትሂድ። ሚኒባሱ ሲሞላ የቀሩት ሁለት ቦታዎች ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ነበሩ። ረዳቱ "እናቶች፣ ግቡ፣ ግቡ" አለ። ገባን። መንገዱን ሁሉ እኔ በመስኮት አየሁ፣ እሷ እጇን።

ሰፈራችን ኮልፌ ስንደርስ "ወራጅ አለ" ያልነው አንድ ላይ ነው።